ፓስታ በእንጀራ፦ ካዛንቺስና ቂርቆስ በገበታቸው

ምሳ ሰዓት ላይ ካዛንቺስ አካባቢ ወደ አንዲት መለስተኛ ምግብ ቤት ጎራ ብሎ “ፓስታ በእንጀራ” ያለ ሰው ብዙ አይጠብቅም። ትሪው ላይ እንጀራ ይዘረጋል፤ መሃሉ ላይ ለስልሶ የተቀቀለ ፓስታ ይቆለላል። ከላዩ በዘይት የተቁላላ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቆንጠር ያለ በርበሬ ያለበት ስጎ ይፈስበታል። ሹካ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በላተኛው እንጀራውን ይቆርስና ፓስታውን ጠቅልሎ ይጎርሳል፤ ስጎው የጠጣውን የመሃሉን እንጀራ ግን ለመጨረሻ ያቆየዋል።

የሰፈሩ ስምም እንደ ፓስታው ከጣሊያን የመጣ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በምህጻረ ቃል “ኢንቺስ” ይባል ነበር። “ካዜ ኢንቺስ” ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ የከተማው ሰው አፉ እንዳመቸው ካዛንቺስ አለው። ወራሪው ተባረረ፤ ስጎው፣ ላዛኛውና ማኪያቶው ግን ባለቤት ለውጠው ቀሩ። ዛሬ በየካፌው “ጠቆር ያለ ማኪያቶ”፣ “ነጣ ያለ ማኪያቶ” ብሎ የሚያዘው ሰው ቃሉ ጣሊያንኛ መሆኑ ትዝም አይለው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ብቻ አይደለም። ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የማይታሰበው በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ቃሪያውን ወደ አፍሪካና እስያ ወደቦች በማዳረስ በኩል የፖርቱጋል መርከቦች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ቲማቲምና በቆሎም የዚያው አህጉር ተክሎች ናቸው። ባዕዱን ቅመም ከኮረሪማ፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር አዋህዶ በርበሬ ያደረገው ግን የዚህ አገር እናቶች እጅ ነው፤ ይህ ሙያ ከማንኛውም የምግብ ፈጠራ አያንስም።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም የካዛንቺስ ገበታ ሌላ እንግዳ አገኘ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. በሰፈሩ አጠገብ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። እንግዳ ሲበዛ ሆቴሉና የውጭ አገር ምግብ ቤቱም በዛ። ረቡዕና ዓርብ ግን የሁሉም ዓይን በያይነቱ ላይ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። ለጾመኛው የተሰናዳው ትሪ ሥጋ ለማይበላው የውጭ እንግዳም ይመቸዋል።

ወደ ቂርቆስ ሲዘለቅ ጠረኑ ይለወጣል። ስሙን ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘው ይህ ሰፈር የለገሃር ባቡር ጣቢያ ጎረቤት ነው፤ “ለገሃር”ም ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። ጥር 15ና ሐምሌ 19 ቂርቆስ ሲነግሥ ምግብ ቤት መፈለግ አያሻም። በየቤቱ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ “ቤት ለእንግዳ” የተባለ ሁሉ ቤተኛ ነው።

ካዛንቺስ በምሽቱም ይታወቅ ነበር። ታዋቂው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በብርሌ ጠጅ፣ በማሲንቆና በእስክስታ የአገሩንም የውጩንም ሰው ይሰበስብ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ሰፊ መንገድና ንጹሕ መጸዳጃ ለሰፈሩ ይገባው ነበር። ነገር ግን ሽሮ በሸክላ የምታቀርበው ሴትና ከረከቦቷ ኋላ ተቀምጣ ቡና በጤና አዳም የምትቀዳው ልጅ ደንበኞቻቸውን ያፈሩት በዓመታት ነው፤ ደንበኛ ደግሞ እንደ ዕቃ ተጭኖ አይሄድም። እንግዲህ አዲሶቹን ሕንፃዎች የምታስገነቡ ሁሉ፣ ከታችኛው ወለል ጥቂት ክፍል ኪራዩን ቀንሳችሁ ለእነዚህ ሴቶች ስጡ።