ጆሮ ይቅደም፣ አንደበት ይከተል

በእኛ አገር ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። ስለዚህም ከጥያ ዙሪያ ገጠሮች ልጅ አዝለው ወደ ጤና ጣቢያችን የሚመጡ እናቶች፣ ስለ ትኩሳቱና ስለ ሳሉ ነግረውኝ፣ መድኃኒቱንም ተቀብለው ለመሄድ ከተነሡ በኋላ፣ የበሩን መቃን ይዘው ቆም ይሉና፣ «ዶክተር፣ ይኸ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፉን ግን አልፈታም» ይሉኛል። ማዕረጉ ለእኔ ለጤና መኮንኑ የማይገባ ቢሆንም አቤቱታው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን አነጋገሩ ቋጠሮውን አስቀድሞ በአፍ ላይ ያኖረዋል፤ ቋጠሮው በአፍ ላይ የሚገኘው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

ባለፈው ሰኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች መጡ፤ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ፣ የወላጆቻቸውም ቃል «ብንጠራው አይዞርም» የሚል አንድ ቃል ነበር። የመጀመሪያው እንደ ገባ ፊቴን መረመረ፤ በጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እስክሪብቶ በጣቱ አመለከተና ወዲያው ዓይኑን ወደ እናቱ መልሶ እርሷም ማየቷን አረጋገጠ፤ ውኃ ሲጠማው እጁን እንደ ኩባያ አጥፎ ወደ አፉ አስጠጋ። ይህ ልጅ ቃል አልነበረውም እንጂ ንግግር ነበረው። ሁለተኛው ግን አባቱ ሦስት ጊዜ በስሙ ሲጠራው ቀና ሳይል፣ ከበስተኋላው የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ፈጥኖ ዞረ፤ መውጣት ባማረውም ጊዜ ፊቴን ሳያይ የእጄን አንጓ ይዞ፣ እጄን እንደ መክፈቻ ወደ በሩ መወርወሪያ ወሰደው።

አንባቢዬ የመጀመሪያውን ለጆሮ ደዌ፣ ሁለተኛውን ለኦቲዝም ፈጥኖ እንደ ደለደለ አውቃለሁ። ድልድሉ በመሠረቱ ስሕተት የለበትም፤ በጣት ማመልከት፣ ዓይንን ከሰው ዓይን ጋር ማገናኘት፣ ደስታን ማካፈል መስማት በተሳነው ሕፃን ዘንድ የሚጸኑ፣ ኦቲዝም ባለበት ሕፃን ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሱ ምልክቶች ናቸውና። ዳሩ ግን እኔም ከፈጣን ደልዳዮች አንዱ ነበርሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ስፍራ ስሠራ፣ ከአንዲት ሕፃን ኋላ ቆሜ አጨበጨብሁ፤ ዘወር ብትል፣ «ጆሮዋ ደኅና ነው» ብዬ በካርዷ ላይ ጻፍሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በመሣሪያ ስትመረመር ቀጫጭን ድምፆችን እንደማትሰማ ታወቀ። ያዞራት ምናልባት የጭብጨባዬ ነፋስ፣ ምናልባትም በግድግዳው ላይ ያረፈው ጥላዬ ነበር።

የቤት ውስጥ ፈተናም እንዲሁ ያታልላል፤ ዘነዘና ሙቀጫውን ሲመታ መሬት ላይ ለተቀመጠ ሕፃን ወለሉ ራሱ ወሬውን ያደርስለታልና። ደግሞም የጆሮ ደዌ ሁልጊዜ ፍጹም ጸጥታ አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ አሳልፎ ቀጭኑን የሚያስቀር አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ነጎድጓዱንና ከበሮውን፣ የአባቱንም ቁጣ ይሰማል፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ስለሚያመልጡት ግን «ስጠኝ» የሚለው ቃል ፊደሉ ረግፎ ይደርሰዋል። በጉንፋን ሰበብ ከታምቡሩ ጀርባ ውኃ የሚቋጥርበትም ልጅ አንድ ሳምንት ሰምቶ በሌላው ይደነግዛል። ወላጆቹም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ዝም ይላል» ይላሉ፤ ይህችው ዓረፍተ ነገር ኦቲዝም ስላለበት ልጅም ቃል በቃል ትነገራለች። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ አስቀድሞ መስማት የተሳናቸው መስለው እንደ ነበር መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥያ ትክል ድንጋዮች 36 ሲሆኑ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ ሰይፉን ማንም ይለያል፣ የቀሩትን ምልክቶች ግን ሊቃውንት እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አልተረጐሟቸውም። እኔም በሕፃን ላይ አንዱን ምልክት ስላወቅሁ መላውን ያነበብሁ እንዳይመስለኝ እጠነቀቃለሁ፤ የጆሮ ደዌና ኦቲዝም በአንድ ልጅ ላይ በአንድነት ሊያድሩም ይችላሉና።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተጻፈው መስማትና መናገር የተሳነው ሰው ሲፈወስ፣ ጆሮው ቀድሞ ተከፈተ፤ አንደበቱ ኋላ ተፈታ። የእኛም ሥርዓት ይኸው መሆን አለበት። ልጁ ቢተኛ እንኳ የውስጥ ጆሮው መልሶ የሚያወጣውን ረቂቅ ድምፅ የሚቀበል፣ የመስማት ነርቭም ወደ አንጎል የሚልከውን ምልክት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ኦቲዝም ነው ማለትም፣ አይደለም ማለትም ግምት ነው።

በዚህ አገር ክስታንኛው፣ አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ቤት ስለሚነገሩ፣ «ቋንቋ በዝቶበት ነው» የሚል ምክንያት ይቀርባል፤ ብዙ ልሳን ግን ጆሮ አያደነቍርም፣ ኦቲዝምንም አያመጣም። ወደ ምድረ ከብድ አቦ ለጸበል የሚሄደውንም አልከለክልም፤ ምርመራው ብቻ ከጸበሉ በኋላ እስኪሆን አይጠብቅ እላለሁ። ክፉውን ያደረገው የገዛ አነጋገራችን ነው፤ «ደንቆሮ» የሚለው ስድብ የማይሰማውንና የማያስተውለውን በአንድ ገመድ አስሯልና። የቀደሙት ሊቃውንት ግን «እዝነ ልቡና» እያሉ የልብን ጆሮ ከሥጋ ጆሮ ለይተው ነበር። መስማት የተሳነው ልጅ እዝነ ልቡናው በዓይኑና በእጁ በኩል ይገባበታል፤ በሆሳዕና ያለው የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ኦቲዝም ያለበትም ልጅ ደጁ ሌላ ነው እንጂ ደጅ የለውም አይባልም፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ያንን ደጅ ሊፈልጉ ነው።

የሰኔዎቹን ልጆች ስሸኝ ሁለቱንም ወላጆች፣ ከልጁ ፊት ለፊት በብርሃን ተቀምጠው፣ ቃሉን በእጅ ምልክት እያጀቡ እንዲያነጋግሩት ነገርኋቸው፤ ይህ ለሁለቱም ይጠቅማልና። «እንግዲህ የኔው ምንድን ነው?» አለኝ የሁለተኛው አባት። የልቤን ግምት ሳልሰውር ነገርሁት፤ በካርዱ ላይ ግን ግምቴን አልጻፍሁም። እጅግ በማይመሳሰሉት በሁለቱ ልጆች ካርድ ላይ ያሰፈርሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጆሮው በመሣሪያ ይመርመር»።