ስድስት ወር ሙሉ፣ ስድስት ወር ባዶ፦ የጡረተኞች ቤት በኮዬ ፈጬ

በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ውስጥ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2020 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ቆጠራ ቋሚ ነዋሪዋ 2,500 አልሞላም። ብርዱ ሲገባ ግን ከሰሜን ግዛቶችና ከካናዳ በሚወርዱ ጡረተኞች ትጥለቀለቃለች። ብዙዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። የሚመጡትም አልጋ፣ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ የተሟላለት፣ አውቶቡስ የሚያክል መኪና እየነዱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚሁ ብሎ በከለለው ሜዳ ላይ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለመስፈር ለብዙ ዓመታት ሲከፈል የኖረው 180 ዶላር ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሞተር አስነስተው ይሄዳሉ። በበረሃው የሚተዉት ቤት የለም፤ ዘበኛ የለም፤ የመብራት ሂሳብም የለም።

ከብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች በእኛም አገር ገበያ መታየት ከጀመሩ ቆይተዋል። እነዚህኞቹ ግን በመኪና ሳይሆን በቦሌ ነው የሚገቡት። መስቀልን ወይም ገናን አስታክከው ይመጣሉ፤ ጥምቀትን፣ አንዳንዶቹም ፋሲካን ውለው ይመለሳሉ። የዋሽንግተንና የሚኒሶታ ክረምት ከእኛ በጋ ጋር መግጠሙ ጠቅሟቸዋል። እነሱ ዘንድ በረዶ በአካፋ ሲዛቅ እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታዲያ በየዓመቱ አራትና አምስት ወር ዘመድ ቤት ከማረፍ የራስ ቤት ይሻላል የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የከተማው እምብርት ዋጋ አልቀመስ ሲል ደግሞ ደላላው ወደ ዳር ይዞ ይወጣል። ከሚያሳያቸው ሰፈሮች አንዱ ኮዬ ፈጬ ነው።

ለምን አሁን? የሚለው ጥያቄ መልሱ በዕድሜ ሂሳብ ላይ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተሰደው፣ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ በሱዳንና በሌላም በኩል አሜሪካ የገቡት ያኔ የሃያና የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። ታክሲ የነዱት፣ በሆስፒታል ያገለገሉት፣ የመኪና ማቆሚያ የጠበቁት ዛሬ ስልሳዎቹን አልፈዋል። የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ከ62 ዓመት ጀምሮ ተቀንሶ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ደግሞ በ67 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአንድ ጡረተኛ ሠራተኛ አማካይ ክፍያ በወር 1,976 ዶላር ነበር።

ይህ ገንዘብ በቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ከፍሎ ብዙ አይተርፈውም። እዚህ ሲመነዘር ሌላ ገንዘብ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር የዚያ ጡረተኛ የወር ገቢ 112,632 ብር ይሆን ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተመኑ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። በ130 ብቻ እንኳ ቢታሰብ 256,880 ብር ይመጣል። በእርግጥ የዋጋ ንረቱ የድርሻውን ወስዷል፤ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋም ባለበት አልቆመም። ቢሆንም በዶላር የሚከፈለው ሰው ከማንም በተሻለ ሁኔታ ላይ ነው ያለው።

ደላሎች "አሁን ነው ጊዜው" የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ዶላሩ ብር ሆኖ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ዶላር መሆኑ ያበቃል። ለምሳሌ በ57 ብር ጊዜ 3 ሚሊዮን ብር አውጥተው ቤት የገዙ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ያወጡት 52,632 ዶላር ነው። በ130 ብር ያንኑ ዶላር ለመመለስ ቤቱ 6.84 ሚሊዮን ብር መሸጥ አለበት። 6 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ሰፈሩ ሁሉ "እጥፍ አተረፉ" ይላል። በዶላር ግን ከስድስት ሺህ በላይ ከስረዋል። የተሸጠበትን ብር መልሶ ዶላር አድርጎ ማውጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። ቤት የገዛ ሁሉ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ ትርፉ የሚለካው ወጪው በወጣበት ገንዘብ ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ለገዢው የሚያስረዳ ደላላ ብዙ አይገኝም።

ባዶው ግማሽ ዓመት

ከዋጋው ይልቅ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ቤቱ ባለቤት አልባ ሆኖ የሚከርምበትን ወቅት ነው። የአሪዞናው ጡረተኛ ይህ ጭንቀት የለበትም። ቤቱ አብሮት ይሄዳላ። የኮዬ ፈጬው ግን በሚያዝያ ቆልፎ ሲሄድ እስከ ኅዳር ድረስ ክረምቱ በሙሉ በጣሪያውና በቧንቧው ላይ ይዘንባል።

"ታዲያ ለስድስት ወር ማከራየት ነዋ!" ማለት ቀላል ነው። በሕግ በኩል ግን እንደዚያ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። አዋጁ የወጣው ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪና ከመፈናቀል ለመጠበቅ ነው፤ ለዚያም ተገቢ ነው ሊባል ይችላል። ለወቅታዊው ባለቤት ግን ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ሆኗል፦ ወይ ቤቱን ለሁለት ዓመት አከራይቶ በበጋ ሲመጣ ሌላ ማረፊያ መፈለግ፣ ወይ ቆልፎ መሄድ። በቃል ተስማምቶ "ስመጣ ትወጣለህ" ብሎ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም፣ ተከራዩ አልወጣም ያለ ዕለት በእጅ የሚገኝ ሕጋዊ ውል አይኖርም።

ቆልፎ የሚሄደውም ቢሆን ወጪ አያጣውም። በጋራ ህንፃ ውስጥ የማኅበሩ መዋጮ፣ የጥበቃና የጽዳት ክፍያ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም ይቆጠራል። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ስንት ወር ተቀመጠ ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ቁልፍ የያዘ ዘመድ አለ። ለዘመድ ደመወዝ አይከፈልም፤ ነገር ግን በየበዓሉ የሚላከው ገንዘብ ተደምሮ ቢታይ ከዘበኛ ደመወዝ የማያንስበት ጊዜ ይኖራል።

አንድ ስም፣ ሁለት አስተዳደር

ኮዬ ፈጬ ስሙ የገነነው የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ51 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ዕጣ ባወጣ ጊዜ ነው። ከዕጣው በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ ቤቶቹ የተሠሩበት መሬት የማን ነው የሚለው ክርክርም የአገር ጉዳይ ሆነ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት ሲያደርጉ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች በአዲስ አበባ ሥር እንዲሆኑ፣ በሌላ በኩል ጀሞ ቁጥር 2 ወደ ኦሮሚያ እንዲሄድ ተወሰነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ገላንንና ለገጣፎ ለገዳዲን አጠቃሎ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ሸገር ካሉት ክፍለ ከተሞች አንዱም ኮዬ ፈጬ ይባላል።

ስለዚህ "ኮዬ ፈጬ ቤት አለ" የሚል ማስታወቂያ ያየ ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመኝታ ክፍሉን ብዛት ሳይሆን ካርታው ላይ ያለው ማኅተም የማን እንደሆነ ነው። ዝውውሩ የሚፈጸምበት ቢሮ፣ ግብሩ የሚከፈልበት መስኮት፣ ክርክር ቢነሣ የሚኬድበት በር ሁሉ ከዚያ ይለያያል። ኮንዶሚኒየም ከሆነም በ20/80 የተላለፈ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስላለበት፣ ገደቡ ማለፉን በካርታው ማረጋገጥ ይገባል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ያለው ሥጋት ከዚህ ይከፋል። በዚያ አካባቢ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሸገር አስተዳደር ሕገ ወጥ ያላቸውን ቤቶች በስፋት ሲያፈርስ "ውል አለኝ" ማለት ያዳነው ሰው አልነበረም። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ከአዲስ አበባም በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የታኅሣሥ ሌሊቷ ያንዘፈዝፋል። ብርድ ሸሽቶ የመጣ ጡረተኛ ይህንንም ቢያስብበት አይከፋም።

የባለቤትነት መብቱ ራሱ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ተከልክሎ የኖረ ሲሆን፣ የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያዊው በቢጫ ካርዱ ቤት እንዲኖረው ፈቅዷል። በ2017 ዓ.ም. ሌሎች የውጭ ዜጎችም ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው እንዲገዙ በር ተከፍቷል። ቢጫ ካርድ የያዘው መብቱን የሚያገኘው ግን ከፊተኛው አዋጅ ነው።

ችግር የሚመጣው በአብዛኛው በውክልና በኩል ነው። ባለቤቱ ግማሹን ዓመት ውጭ ስለሚሆን ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ ውክልና ይሰጣል። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላው አይበቃም። የሽያጭ ውሉም በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነም የቤተሰብ ሕጉ የባልንም የሚስትንም ስምምነት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን አንቀጽ 2232 ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያከትማል። ዕድሜያቸው ሰባ ለቀረበ ሰዎች ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ሰውየው ሜሪላንድ ላይ አርፎ በማግሥቱ ወኪሉ አዲስ አበባ ላይ ውል ቢፈራረም፣ ገዢው የያዘው ወረቀት ሙግት ሊነሣበት ይችላል። ከወኪል የሚገዛ ነጋዴ ወካዩ በሕይወት መኖሩን በስልክ እንኳ አረጋግጦ ቢፈርም ይሻለዋል።

የአሜሪካ ሕግ በበኩሉ የራሱን ገደብ አስቀምጧል። ዜግነት ያለው ጡረተኛ ኢትዮጵያ ሆኖም ክፍያው አይቋረጥበትም። ዜጋ ያልሆነው ግን ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ሊቋረጥበት ይችላል። ለዝቅተኛ ገቢ አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው ድጎማ ደግሞ ለ30 ተከታታይ ቀናት ከአገር የወጣን አይከተልም። ሜዲኬር የተባለው የጤና መድንም በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ከኮዬ ፈጬ ወደ አቃቂ ቃሊቲው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም መሀል ከተማ ካሉት የግል ሆስፒታሎች ወደ አንዱ የሚሄድ ታማሚ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅም በስልሳ አምስት ዓመት እንደ ርካሽ ይታይ ይሆናል፤ በሰባ አምስት ግን ዋጋው ሌላ ነው።

መኪናውን ራሱን አምጥቶ እንደ አሪዞናው መኖርስ? የሚል ቢኖር፣ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን ማስታወስ ይበቃል።

የቀረው መንገድ ሳይገዙ በየበጋው መከራየት ነው። ለስሌት ያህል 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ፤ በ130 ብር 46,154 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ባለበት በዓመት አራት ከመቶ ቢወልድ 1,846 ዶላር፣ ማለትም 240,000 ብር ገደማ ያስገኛል። የተሟላ ዕቃ ያለው ማረፊያ በወር 60,000 ብር ቢከራይ የአምስት ወሩ 300,000 ብር ነው። ልዩነቱ 60,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ መዋጮው፣ ታክሱ፣ ጥገናውና ለቁልፍ ጠባቂው ዘመድ የሚላከው በዚያ ላይ ሲደመር ልዩነቱን ሊያጠፋው ይችላል። ዋጋው ከፍ ዝቅ ቢል ስሌቱን ማንም በራሱ ቁጥር መሥራት ይችላል።

ለባለሀብቱም ቢሆን ዕድሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ከሁለት ዓመቱ የኪራይ ውል ግዴታ ውጭ ናቸው። ፈቃድ አውጥቶ፣ ምድር ቤት ላይ ወይም ሊፍት ባለው ህንፃ፣ የውሃ ታንከርና ጄኔሬተር ያለው ማረፊያ ያዘጋጀ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ለጡረተኞቹ፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክና በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለሚመጣ እንግዳ ማከራየት ይችላል። ከቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ዋጋው ይተኮሳል የሚለውን የደላሎች ወሬ ግን ማረፊያው እስኪደርስ ድረስ ሂሳብ ውስጥ ባያስገባው ይመረጣል።