ስለ አገሮች የእግር ኳስ ፉክክርና ስለ መነሻው

የሁለት አገሮች የእግር ኳስ ቡድኖች በሚጋጠሙበት ቀን በብዙ ክርስቲያን ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አባት ከሥራው ቶሎ ብሎ ይገባል፤ ልጆች ደብተራቸውን አጥፈው ከቴሌቪዥኑ ፊት ይሰበሰባሉ፤ እናትም ረከቦቷን ወደዚያው ታቀርባለች። እስከዚህ ድረስ ያለው መልካም ነው፤ ቤተ ሰብ በአንድነት ተቀምጦ መደሰቱን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ጨዋታው እየጋለ ሲሄድ ከትልልቆቹ አፍ የሚወጣው ቃል ስለ ኳሱ መሆኑ ይቀርና ስለ ተጋጣሚው ሕዝብ ዘርና ጠባይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሕፃን ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውን ነው?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ አባቶችን ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን በአገሮች መካከል የሚነሣው የእግር ኳስ ፉክክር ከየት እንደሚመጣ፣ ወደ ጥላቻ የሚለወጠውም በምን ምክንያት እንደ ሆነ በታወቁ ታሪኮች እያስረዳን ለመመርመር አስበናል። የውጭውን አገር ታሪክ በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ጉርብትና ነው። ሰው የማያውቀውንና ከሩቅ የሚኖረውን አይፎካከርም፤ የሚፎካከረው በየቀኑ የሚያየውን ነው። ምላስና ጥርስ እንኳ አብሮ ሲኖር ይጋጫል እንደሚባለው፣ ድንበር የሚጋሩ ሕዝቦችም ብዙ ጊዜ ስለሚገናኙ ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ የተመዘገበው የሁለት አገሮች የእግር ኳስ ግጥሚያ በኖቬምበር 30 ቀን 1872 ዓ.ም. በግላስጎ ከተማ የተደረገው የስኮትላንድና የእንግሊዝ ጨዋታ ነው። ዕለቱም ስኮትላንዶች ጠባቂያችን የሚሉት የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስ መታሰቢያ ነበር። አራት ሺህ የሚያህል ሰው ተሰብስቦ ተመለከተ፤ ሁለቱም ሳያገቡ ባዶ ለባዶ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ፣ ታላላቆቹ የዓለም ጦርነቶች ከአቋረጡት ጊዜ በቀር፣ በየዓመቱ ይገናኙ ነበር።

እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በቀድሞው ዘመን በሰይፍ ብዙ ተዋግተዋል። በ1603 ዓ.ም. በአንድ ዘውድ፣ በ1707 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ምክር ቤት ሥር ሆኑ። ስኮትላንድ የራስዋን ምክር ቤት እንደ ገና እስከ አገኘችበት እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ስሟ በዓለም ፊት ለብቻው ከሚጠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የኳስ ሜዳ ነበር። እንግዲህ ታናሹ ወንድም ታላቁን ለማሸነፍ ያን ያህል ሲጓጓ፣ «እኔም አለሁ» ለማለት እንደ ሆነ መረዳት ይቻላል። ይህም ፉክክር በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት መመሳሰል ነው። ይህ ነገር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ብርቱ ፉክክር የሚነሣው በጣም በሚለያዩ ሕዝቦች መካከል ሳይሆን በጣም በሚመሳሰሉት መካከል ነው። አርጀንቲናና ኡራጓይ በላ ፕላታ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቀመጡ፣ በአንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ሳይቀር ሁለቱም የፀሐይ ሥዕል ያላቸው አገሮች ናቸው። ሆኖም በጁላይ 30 ቀን 1930 ዓ.ም. በሞንቴቪዴዎ ከተማ ለመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ፣ በማን ኳስ እንጫወት በሚለው እንኳ መስማማት አልቻሉም። በመጨረሻ የመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ፣ ሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ እንዲሆን ተወሰነ። አርጀንቲና በራስዋ ኳስ 2 ለ 1 መራች፤ ኡራጓይ በራስዋ ኳስ ሦስት አግብታ 4 ለ 2 አሸነፈች። ወሬው በቦነስ አይረስ በተሰማ ጊዜ የተቈጡ ሰዎች የኡራጓይን ቆንስላ በድንጋይ ደበደቡ። በመጽሐፍ ቅዱስም የምናነበው ይኸው ነው፤ ቃየልና አቤል፣ ዔሳውና ያዕቆብ፣ ዮሴፍና ወንድሞቹ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ሰው የሚቀናው ከራሱ ጋር በሚያስተያየው ሰው ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ያልዳነ ቍስል ነው። ጀርመን በሜይ 1940 ዓ.ም. ሆላንድን ወርራ አምስት ዓመት ያህል ይዛ ቆየች። በ1974 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ቡድኖች በሙኒክ ከተማ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኝተው ምዕራብ ጀርመን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ሆላንዶች ያዘኑት ዋንጫ ስላመለጣቸው ብቻ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. በጀርመን ምድር በሐምቡርግ ከተማ በዚያው ውጤት በተራቸው ሲያሸንፉም፣ በአገራቸው ሕዝቡ ወደየአደባባዩ ወጥቶ ያደረገው ደስታ ከአንድ ጨዋታ ደስታ የበለጠ ነበር። ወረራውን በዐይናቸው ያላዩ ወጣቶች ሳይቀሩ የአባቶቻቸውን ቂም ይዘው ወደ ሜዳ መጥተው ነበርና። ቂም እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከኳስ ሜዳ ውጭ የተነሣውን ጠብ ሹማምንትና ጋዜጦች በኳሱ ላይ ሲያፈስሱት ነው። በመካከለኛው አሜሪካ የሚገኙት ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ሁለቱም ክርስቲያን አገሮች ናቸው፤ የአንደኛይቱ ስም እንዲያውም በቋንቋቸው «አዳኙ» ማለት ሲሆን የተሰየመችው በጌታችን በመድኃኒታችን ነው። ኤል ሳልቫዶር ጠባብ፣ ሕዝቧም ብዙ ነበር፤ ሆንዱራስ በስፋት አምስት እጥፍ ያህል ስትበልጣት ሕዝቧ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሦስት መቶ ሺህ የሚያህሉ የኤል ሳልቫዶር ገበሬዎች ድንበር ተሻግረው በሆንዱራስ መሬት እያረሱ ይኖሩ ነበር። የሆንዱራስ መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ መሬቱን ለራሱ ተወላጆች ለማከፋፈል ሲነሣ እነዚህን ገበሬዎች ማፈናቀል ጀመረ። በሁለቱም ወገን ጋዜጦች ስድብ በስድብ ሆኑ።

በዚህ መካከል ሁለቱ አገሮች ለ1970 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ለማለፍ እንዲጋጠሙ ዕጣ ደረሳቸው። በጁን 8 ቀን 1969 ዓ.ም. በሆንዱራስ ዋና ከተማ በቴጉሲጋልፓ ባለቤቶቹ 1 ለ 0 አሸነፉ፤ እንግዶቹ ተጫዋቾች ግን ከሆቴላቸው ውጭ በተሰበሰበው ሰው ጩኸት ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ነበር። በሳምንቱ በሳን ሳልቫዶር ይኸው በሆንዱራሶች ላይ ተደረገባቸው፤ 3 ለ 0ም ተሸነፉ። በጁን 27 ቀን በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው መለያ ጨዋታ ኤል ሳልቫዶር በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በጁላይ 14 ቀን፣ የኤል ሳልቫዶር ጦር ወደ ሆንዱራስ ገባ። ጦርነቱ መቶ ሰዓት ያህል ብቻ ቢቈይም በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መሣሪያ ያልያዙ ገበሬዎች ነበሩ። የሰላም ውል የተፈረመው ከ11 ዓመት በኋላ በ1980 ዓ.ም. ነው።

ዓለም ይህን «የእግር ኳስ ጦርነት» ብሎ ሰየመው። እኛ ግን ስሙ ፍርድ ያጐድላል እንላለን። ጦርነቱን ያመጣው የመሬት ጥያቄ፣ የሹማምንት ትዕቢትና የጋዜጦች ስድብ ነው፤ ኳስዋ ያመጣችው ነገር ቢኖር በብዙ ሺህ ልብ ተበታትኖ የነበረውን ቍጣ በአንድ ሜዳ መሰብሰብን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ቡድን ወደ ዓለም ዋንጫ ሄዶ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ።

ኳስ ለብቻዋ ጦርነትን የማታመጣውን ያህል ለብቻዋ ሰላምንም አታመጣም። በሃይማኖት እኅታችን የሆነችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልጆች በ1915 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት ዘመን የደረሰባቸው እልቂት ይታወቃል። በሴፕቴምበር 2008 ዓ.ም. የአርመንና የቱርክ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በየሬቫን ሲጋጠሙ የቱርኩ ፕሬዚዳንት አብዱላህ ጉል በአርመኑ ፕሬዚዳንት በሰርዝ ሳርግስያን ተጋብዘው ሄዱ፤ በዓመቱም ሳርግስያን በቱርክ ቡርሳ ከተማ የተደረገውን የመልስ ጨዋታ ተመለከቱ። በዚያው ሰሞን ድንበር ለመክፈትና ግንኙነት ለመጀመር ስምምነት ተፈረመ። ሆኖም ስምምነቱ በምክር ቤቶቹ ሳይጸድቅ ቀርቶ በ2018 ዓ.ም. አርመን ሰረዘችው። ኳስ ሁለቱን መሪዎች ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ የቀረውን ሥራ ግን ሰዎች ራሳቸው መፈጸም ነበረባቸው። ስለዚህ ኳስ እንደ ዕቃ ናት ብንል አንሳሳትም፤ መልሳ የምትሰጠን ያስቀመጥንባትን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያና ግብጽ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በየካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተገናኝተው ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈች። በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፍን። ነገር ግን በዚያችው በካይሮ፣ በሚቀጥለው ወር፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ እጅ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ስትልክልን በኖረችው መንበር ያን ቀን የተፈጸመው፣ ልጅ አድጎ ራሱን ሲችል አባት የሚሰጠው ምርቃት ነበር። በአንድ ከተማ፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ በሜዳው ተሸንፈን በቤተ መቅደሱ ተመርቀን ተመለስን።

ከዚያም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ በዓል በተከበረ ማግሥት፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ለፍጻሜ ተገናኘን። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ በአሥመራ የተወለዱ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ ገና 21 ዓመቱ ነበር። አባቱን በወረራው ያጣ ስንት ሰው በዚያ ስታዲዮም ተቀምጦ ኖሮ ይሆን! ሆኖም ለጣሊያናዊው ልጅ እልል አለለት። ያልዳነ ቍስል እንዴት እንደሚድን ለማየት የሚፈልግ ያን ቀን ያስብ።

በዘመናችን ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቡድናችን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጊዜው ስለ ዓባይ ግድብ የሚደረገው ክርክር የጋለበት ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ድሉን የኳስ ብቻ አድርጎ አልቈጠረውም። ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በካይሮ ወይም በአስዩት በአንድ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለበት፣ አባትና ልጅ በእጃቸው መስቀል ተነቅሰው ያንኑ ጨዋታ ይመለከቱ እንደ ነበር ስንቶቻችን አሰብን? ስለ ውኃው መንግሥታት በሕግና በምክር ይከራከራሉ፤ በሕፃኑ ልብ የተዘራው ስድብ ግን ክርክሩ ካለቀም በኋላ ይበቅላል።

እንግዲህ ለክርስቲያን ወላጆች የምንመክረው ከባድ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ተጋጣሚው አገር የት እንደሚገኝ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ካለውም ስለ እርስዋ ለልጆቻችን እንንገራቸው። በጨዋታው ጊዜ ስለ አጨዋወቱ የፈለግነውን እንናገር፤ ሕዝብን በጅምላ የሚሰድብ ቃል ግን ከቤታችን እንዳይሰማ እንከልክል። ካለቀም በኋላ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም፣ ከተጋጣሚው ወገን መልካም የተጫወተውን አንዱን በስሙ ጠርተን እናመስግን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የሯጮችን ነገር ለክርስቲያኖች ምሳሌ አድርጎ ሲያቀርብ ውድድርን አልነቀፈም፤ ሯጩ ራሱን እንደሚገዛ ነው ያሳሰበው።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባት ሳይቸገር፣ «ምንም አላደረጉንም፣ ልጄ፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ሊጫወቱ የመጡ ናቸው» ብሎ ይመልስለታል።

የሰላም አምላክ ቤታችንን ከቂም ይጠብቅልን። አሜን።