የአንደኛ ደረጃ ትምህርት አከፋፈልና የድኻ ልጅ ወጪ በጎጃም ደጋ

ትምህርት በስንት ዓመት ተከፍሎ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው ነገሩን ለሥርዓተ ትምህርት አዋቂዎች ይተወዋል። አራት ዓመት ቢባል፣ ስድስት ቢባል፣ ስምንት ቢባል ለልጁ ያው ትምህርት ነው፤ ቁጥሩ ምን ይጨምርለታል፣ ምንስ ይቀንስበታል ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች፣ ይህ ቁጥር ዋና የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን ነው። አንዱ ደረጃ አልቆ ሌላው በሚጀመርበት ቦታ ልጁ ትምህርት ቤት ይለውጣል፤ ትምህርት ቤት ሲለውጥ መንገዱ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም ወይ ጉልበት ወይ የቤት ኪራይ ይጠይቃል። ይህ ወጪ በማንም የበጀት መዝገብ አይታይም። የሚከፍለው አባትየው ነው፤ መክፈል ያልቻለም ልጁን ያስቀረዋል።

የጥንቱ ተማሪ ቤት ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራም፣ ዲማም፣ ጎንጅም ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። ተማሪው ከአባቱ ቤት ሲወጣ ስንቅ እንደማይከተለው ያውቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ይቆማል፤ የቤቱም እመቤት ከሌማቱ ቁራሽ ታወጣለታለች። ነገሩን በገንዘብ ዐይን ካየነው ይህ ራሱ የትምህርት ግብር ነው፤ ያለ ጸሐፊና ያለ ደረሰኝ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ በመንደሩ ሁሉ ላይ ይደለደላል። ይህን ስንል የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማሞገሳችን አይደለም፤ የረኀቡም፣ የውሻውም፣ የእከኩም ነገር የታወቀ ነው፤ ሴት ልጅም በዚያ መንገድ አልሄደችም ማለት ይቻላል። ቢሆንም የድኻውና የባለጠጋው ልጅ አንድ ዓይነት አኮፋዳ ይዘው ይለምኑ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲተከል ይህ ቀለብ አብሮ አልመጣም። መንግሥት በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ዐዋጅ አወጣ። ዐሳቡ መልካም ነበር፤ ባለመሬቱ ከመሬቱ ግብር ጋራ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ይከፍላል፣ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይውላል፣ አሠራሩንም የትምህርት ቦርድ ይቆጣጠረዋል። እንከኑ የታየው ከአገሩ ሁኔታ ጋራ ሲገናኝ ነው። ገንዘቡ ከመሬት ተሰብስቦ እዚያው የሚውል ከሆነ፣ ብዙ ግብር የሚያስገባው ግዛት ብዙ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ጥቂት የሚያስገባው በጥቂቱ ይቀራል። ጎጃም ደግሞ የርስት አገር ነው፤ መሬቱ በጋሻ አልተለካም፤ የመሬቱም ግብር በቆየው ልማድ በተቆረጠው መጠን ይከፈል ነበር። በዚያ ላይ አብዛኛው ግብር ከፋይ አራሹ ራሱ ነው። እርሱ በገጠር ሆኖ ሲከፍል ትምህርት ቤቱ የሚታየው በከተማ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃሜ ያመፀው በዋናው ርስቱ ይለካል፣ ከእጄም ይወጣል ብሎ ፈርቶ ነው። በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። በቀበሌው ትምህርት ቤት የሚያይ ባላገር ስለ አዲስ ግብር ሲነገረው ጆሮውን ጥቂት ይሰጥ ነበር ብንል ግን አናበዛም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አከፋፈሉ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆነ፤ እስከ ስድስተኛ ክፍልም ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ለጎጃም ልጅ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ግን «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብሎ ተለየ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ቦታውም በአብዛኛው ከተማ ሆነ። ስለዚህ የገጠሩ ልጅ በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይገጥመው ነበር፤ ፈተናው፣ ቋንቋውና መንገዱ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የ1964 ዓ.ም. ጥናት፣ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» ያለው፣ ለጉዳያችን ከሁሉ የበለጠ ስለሚጠቅም ጥቂት እንቆይበት። ጥናቱ ያቀረበው አከፋፈል አራት፣ አራት፣ አራት ነበር። የመጀመሪያው አራት ዓመት ለአገሩ ልጆች ሁሉ እንዲዳረስ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚዘልቀው ግን በቁጥር የተወሰነ እንዲሆን ነበር የታሰበው። የጥናቱ ሰዎች ስሌት ከንቱ አልነበረም፤ ገንዘቡ በከተማ ላሉ ጥቂቶች ለላይኛው ትምህርት ከሚፈስ በገጠሩ ይሠራጭ የሚል ነው። በወረቀት ሲታይ ለጎጃም ገበሬ ልጅ የተሻለ ነበር፤ ምንም ላላገኘ ልጅ አራት ዓመትም ብዙ ነውና። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አነበበበት፤ የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የጌታው ልጅ ይለፍ የሚል። ዕቅዱ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ መምህራኑ ተቃወሙ፤ የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም አብረው ተነሡ። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ጎን አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ራሱ ወደቀ።

በእኛ አስተያየት ጥናቱም የሕዝቡም ቁጣ ምክንያት ነበራቸው። ጥናቱ ገንዘቡን ለብዙኃኑ ማካፈል ፈለገ። ሕዝቡ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው የአባት ኪስ መሆኑን ከኑሮው ያውቃል። ደረጃውን የከፈሉት ሰዎች፣ ድኻው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ወጪ ማን እንደሚችል በግልጥ ቢናገሩ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የደርግን ዘመን በጥቂት ቃል እንለፈው፤ ትምህርት ቤቶች በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ኮሚቴ እጅ ገቡ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን እስከ ቆላው አደረሰ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ሕዝብ በ1966 ዓ.ም. የተቆጣበት የአራተኛ ክፍል ወሰን «የመጀመሪያ እርከን» ተብሎ ያለ ሁከት ተመለሰ፤ ከአምስት እስከ ስምንት ያለው ሁለተኛ እርከን ሆነ። ያልተቆጣበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ በአራተኛ ክፍል ላይ በር አልተዘጋም፣ እስከ አሥረኛ ክፍልም የትምህርት ክፍያ ቀረ። ገበሬው ድንጋይ አምጥቶ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ በየጎጡ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩ «ሳተላይት» ትምህርት ቤቶችን ሠራ። ለሰባት ዓመት ልጅ በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ትምህርት ቤት መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። አምስተኛ ክፍል ግን በሌላ ቀበሌ፣ በጉድኝት ማዕከሉ ይሆናል።

ነጻ በተባለው ትምህርት ላይ የቀረውን ወጪ እንመልከት። ደብተርና እስክሪብቶ አለ፤ የደንብ ልብስ አለ፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ሲያጥር፣ ጠረጴዛ ሲያሠራ ከወላጅ የሚዋጣ አለ። ይህ ሁሉ ቢከብድም ይቻላል። ከባዱ ልጁ ራሱ ነው። በደጋው ልጅ እረኛ ነው፤ በመኸርና በዘር ጊዜ እጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ሲሆን በፈረቃ ተምሮ ከፊሉን ቀን ከብት ይጠብቃል፤ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ሲሆን ግን በቀን አራት ሰዓት በመንገድ ያልቃል፣ እረኝነቱም ይቀራል። በጮቄ ተዳፋት ባሉት የስናን ቀበሌዎች ማለዳው ውርጭ ነው፤ ጨሞጋን የመሰሉ ወንዞች ሲሞሉ ደግሞ ልጁ ከማዶ ሆኖ ይመለሳል። የባሰው ከተማ ገብቶ መከራየት ነው። ሦስት አራት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት ድርቆሽና በሶ እየተሸከሙ፣ በቅዳሜ ሄደው በእሑድ ይመለሳሉ። የአኮፋዳው ልጅ ልጅ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የአሁኑ ተማሪ ስንቁ ቢያልቅበት የሰው ደጃፍ ላይ መቆም የማይችል መሆኑ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ኪራዩ ብቻ አይደለም፤ የ13 ዓመት ልጅ ከተማ ውስጥ ለብቻዋ ትደር የሚል እናትና አባት ጥቂት ነው። ከምትከራይ ትዳር ይበልጣል የሚለው ምክርም በዚያው ሰሞን ይመጣል።

የምሥራቅ ጎጃም ሰው «ትርፍ አምራች» ይባላል። ጤፉ የታወቀ ነው። ይህ ስም ግን ለድኻው ልጅ መልካም አላደረገለትም። የትምህርት ቤት ምገባ ሲታሰብ በአብዛኛው ቅድሚያ የሚሰጠው ድርቅ ለሚያጠቃቸው ወረዳዎች ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ምገባውን፣ ደብተሩንና የደንብ ልብሱን ራሷ ችላለች። ትርፍ በሚመረትበት ወረዳ ውስጥ መሬቱ ያነሰበት ገበሬ መኖሩ ግን ይረሳል። በ1989 ዓ.ም. በጎጃም የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ለብዙዎች ጥማድ ቢያካፍልም፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደው ልጅ የተረፈ መሬት እምብዛም የለም። ለእርሱ ትምህርት ርስቱ ነው።

የመንግሥቱ ገንዘብ እንዴት ይመጣል? የወረዳው በጀት በጥቅል ይሰጣል፤ ከትምህርቱ ድርሻም አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይሄዳል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ድጎማ ተጨመረ፤ ይህ ድጎማ በዋናው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ነው። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር የተጠጋው ልጅና ሁለት ሰዓት የሚጓዘው ልጅ በዚህ ስሌት እኩል ናቸው። አሜሪካኖች በ1957 ዓ.ም. ባወጡት የትምህርት ሕግ ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ ገንዘቡ የድኻ ቤተሰብ ልጆችን ቁጥር ተከትሎ ይደርሳል፤ ከተማሪዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ድኾች የሆኑበት ትምህርት ቤትም ገንዘቡን ለመላው ትምህርት ቤት ሊያውለው ይችላል። እነርሱም ዘንድ ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ ወይም ሲከፈሉ ይህ መቶኛ ስለሚለዋወጥ ጠቡ አይቀርም። በጎጃም ገጠር ድኻና ባለጠጋ በቁጥር ለመለየት ያስቸግራል፤ ርቀት ግን በእግር ይለካል።

አሁን አከፋፈሉ እንደገና ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኗል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ተብለዋል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ወረዳው ሁለቱን ክፍሎች ከአንደኛ ደረጃው ግቢ አውጥቶ ለብዙ ቀበሌ አንድ ቦታ ይሰብስባቸው ወይስ በያሉበት ይተዋቸው? የመሰብሰብ ምክንያት ቀላል አይደለም። እንበልና በአንድ ቀበሌ ሰባተኛ ክፍል 25 ልጆች ቢኖሩ፣ ለሒሳቡም ለእንግሊዝኛውም ለሳይንሱም ለ60 ልጆች የሚበቃው ያው መምህር ያስፈልጋል፤ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት በየቀበሌው ማደራጀትም አይቻልም። በመሰብሰብ ወረዳው ይቆጥባል። ነገር ግን የተቆጠበው ገንዘብ ከየትም አልመጣም፤ ከ25ቱ ልጆች አባቶች ኪስ ነው የመጣው፤ አሥሩ መክፈል ካልቻሉ ደግሞ ቁጠባው በአሥር ልጆች መቅረት የተገኘ ነው።

ስለዚህ ለትምህርቱ ጥራት ጥቂት ቢጎዳም ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ በሆነ ቀበሌ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በቦታቸው ይቆዩ ባዮች ነን። የሳይንስና የእንግሊዝኛ መምህራን በሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች መካከል ቀን ለይተው እየተመላለሱ ማስተማር ይችላሉ፤ የ30 ዓመት ሰው መንገዱን ቢሄድ 25 ልጆች ከሚሄዱት ይሻላል። መሰብሰቡ ግድ በሆነበት ደግሞ ከደመወዝ የተቆጠበው ገንዘብ ለማደሪያና ለቀለብ ተለይቶ ይመደብ፤ ከሴቶቹም ይጀመር። ማን ምን ያህል እንደሚጓዝ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆጥሮ ሊያቀርብ ይችላል።

ነገሩን የሚያጣድፍ ሌላም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅ ሲመለስ ዕድሜው ከክፍሉ አልፏል፤ ለሥራም ለትዳርም ደርሷል ይባላል። በየቀበሌው የሚከፈተው ትምህርት ቤት ሁሉ እንደ ቀድሞው ሙሉ ሆኖ ሊከፈት አይችልም፤ መምህራኑ ተበትነዋል፣ ወንበሩም ጣሪያውም ጠፍቷል። የቀሩት መምህራን መጀመሪያ ለየትኛው ቀበሌ ሰባተኛ ክፍል ይሰጡ የሚለውን የሚወስነው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ምደባውም መስከረም ሳይጠባ፣ ገበሬው በአረም ላይ ሳለ ያልቃል።