ሆሊውድ የሚሠራበት ሊኑክስ ፎቶሾፕ ለምን የለውም?

የኮምፒውተርን ክፍሎች የሚያስተዳድረውና ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት መሠረታዊ ፕሮግራም ስርዓተ ክወና ይባላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ስርዓተ ክወና ቢሆንም፣ አዶቤ የተባለው ኩባንያ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ፎቶሾፕን ለሊኑክስ አዘጋጅቶ ስለማያውቅ፣ ለፕሮግራመሮች እንጂ ለምስልና ለፊልም ባለሙያዎች የማይሆን ተደርጎ ይታያል። የአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪ ታሪክ ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም።

በ1990ዎቹ የፊልም ልዩ ምስሎችን የሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች ይገለገሉባቸው የነበሩት ውድ የሲሊከን ግራፊክስ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አይሪክስ በተባለ፣ የዩኒክስ ዝርያ በሆነ ስርዓተ ክወና ነበር፤ ርካሾቹ ኮምፒውተሮች አቅም እየጨመሩ ሲመጡ፣ ስቱዲዮዎቹ የነበሯቸውን ፕሮግራሞች ከባዶ ሳይጀምሩ ወደ ዘመዱ ሊኑክስ ማሻገር ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለታየው «ታይታኒክ» ዲጂታል ዶሜይን የተባለው ስቱዲዮ ከምስሎቹ ስሌት ከፊሉን ያካሄደው በሊኑክስ ማሽኖች ነው። ዛሬም ማያ፣ ሁዲኒና ኑክ የተባሉት የሙያው ዋና ዋና ፕሮግራሞች የሊኑክስ ቅጂ አላቸው፤ በአንድ ውል ብዙ ፈቃዶችን የሚገዛ ስቱዲዮ ለሊኑክስ ካልሆነ አልገዛም ሲል ሻጩ መስማቱ አይቀርምና። የፎቶሾፕ ደንበኞች ግን በየማተሚያ ቤቱና በየፎቶ ቤቱ የተበታተኑ በመሆናቸው እንዲህ ያለ የመደራደር አቅም የላቸውም። ፎቶሾፕ ራሱ በሦስተኛ እትሙ ለአይሪክስ ተዘጋጅቶ እንደነበር ሲታወስ፣ ዋናው እንቅፋት ከቴክኒክ ይልቅ ገበያ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ቴክኒካዊው ችግርም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ሊኑክስ የሚሠራጨው ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ዴቢያንን በመሳሰሉ ብዙ እትሞች ሲሆን፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች በየእትሙ ስለሚለያዩ በአንዱ የተፈተነ ፕሮግራም በሌላው ላይነሣ ይችላል። የፊልሙ ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የትኞቹ ስብስቦች በየትኛው እትማቸው እንደሚሠራባቸው የሚወስን ዓመታዊ ዝርዝር በማውጣት ለዚህ መላ አበጅቷል። ለቪዲዮ አርትዖትና ለቀለም እርማት የሚያገለግለው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሊኑክስም በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም ነጻው የሊኑክስ ቅጂ ብዙዎቹ ስልኮችና ካሜራዎች ቪዲዮን የሚጨምቁበትን፣ የፈጠራ መብት ክፍያ ያለበትን ኤች.264 ለዓመታት መክፈት ባለመቻሉ፣ አርታኢው የቀረጸውን ሁሉ አስቀድሞ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ መሣሪያ ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ ነበረበት፤ የተለወጠው ፋይል ደግሞ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይገዝፋል። ዊንዶውስ ለሚባለው ስርዓተ ክወና የተጻፉ ፕሮግራሞችን ጥሪ ወደ ሊኑክስ የሚተረጉመው ዋይንም በቆዩ የፎቶሾፕ እትሞች እንጂ በአዲሶቹ ላይ አስተማማኝ አይደለም።

በነጻ የሚገኙት አማራጮች እኩል አልበሰሉም። ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም የተሠራው የላትቪያው «ፍሎው» እ.ኤ.አ. በ2025 ለአኒሜሽን ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ስላሸነፈ፣ የብሌንደርን ብቃት መጠራጠር ቀርቷል። ለፎቶ ማስተካከያ የሚውለው ጂምፕ በአንጻሩ፣ ማተሚያ ማሽኖች የሚፈልጉትን የአራት ቀለማት ሥርዓት እንደ መደበኛ የሥራ ዘዴ አያቀርብም፤ ክሪታ የተባለው የዲጂታል ሥዕል ፕሮግራም ግን ያቀርባል። ስለዚህ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር የሚያስብ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ከመቀየሩ በፊት፣ ደንበኞቹና ማተሚያ ቤቱ ሥራውን በምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበሉት ጠይቆ ይረዳ።