ባለ 8 ጊጋ መሶብ

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው እንበል። አንድ የሠፈር ኬክ ቤት በቴሌግራም የሚለጥፈው የ15 ሰከንድ የመልካም አዲስ ዓመት ቪዲዮ አዟል። አደይ አበባ ከታች እየፈነዳ ይወጣል፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የቤቱ አርማ ያርፋል። ሥራውን የተቀበለችው ልጅ ያላት ላፕቶፕ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ለብቻው የግራፊክስ ካርድ የለውም። ተንቀሳቃሽ ምስል የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ አፍተር ኢፌክትስን፣ ከፍታ፣ አምስት ስድስት ሌየር ደርድራ ስፔስ ባሩን ስትጫን ምስሉ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ መጨረሻው ሳይደርስም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «ይሄ ላፕቶፕ አይችለውም» ትላለች።

እኔ ይችለዋል ባይ ነኝ። ልጅቷ ግን ፕሮግራሙ ጓዳ ገብታ ሥራውን ማየት አለባት።

ፊልም ማጫወቻ ተሠርቶ ያለቀውን ነው የሚያሳየው። አፍተር ኢፌክትስ ዘንድ ያለቀ ነገር የለም። አበባው የት እንዳለ፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ፊደሉ ምን ያህል እንደደበዘዘ እያሰላ እያንዳንዱን ምስል እንደ አዲስ ይሠራል። ፕሮሰሰሩን ምጣድ፣ እያንዳንዱን ምስል እንጀራ፣ ራሙን መሶብ አድርጋችሁ አስቡት። ስፔስ ባሩ ሲነካ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ይጋግራል፤ የጋገረውን መሶብ ውስጥ ይደርባል፤ ከዚያ ከመሶቡ እያነሣ በትክክለኛው ፍጥነት ያቀርባል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዙር ተንቀራፍፎ ሁለተኛው የሚፈስሰው። ከታይምላይኑ በላይ የምትታየው አረንጓዴ መስመር ራም ውስጥ የገባውን ታሳያለች፤ ሰማያዊዋ ደግሞ ዲስክ ላይ የተቀመጠውን። የአበባውን ቀለም ትንሽ ከቀየሩት፣ አበባው ያለበት ምስል ሁሉ ዳግም ምጣድ ላይ ይወጣል።

አሁን አንዱን እንጀራ እንመዝነው። ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነው፤ ይህም 2,073,600 ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት ይፈልጋል፤ አንድ አንድ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ አልፋ ለሚባለው፣ ከሥሩ ያለውን ምን ያህል እንደሚያሳይ ለሚወስነው። ድምሩ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን አንዷ ሰከንድ 207 ሜጋባይት ትይዛለች። የኬክ ቤቱ 15 ሰከንድ 375 ምስል ነው፤ 3.1 ጊጋባይት መሆኑ ነው። መሶቡ ደግሞ ባለ 8 ጊጋ ይባል እንጂ ሙሉው የእሷ አይደለም። ዊንዶውስ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተከፈተው ክሮም ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይወስዳል፤ ለብቻው ካርድ ስለሌለ ግራፊክሱም ከዚያው ይቆነጥራል። ለምስሎቹ ሁለት ጊጋ ቢተርፍ ነው። ቪዲዮው መጨረሻው ሳይደርስ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኋለኞቹ ሰከንዶች ማረፊያ አጡ።

ፕሮግራሙ ግን ከዚህ በባሰ ጠባብ ቤት ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ የነበረ ኮሳ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ለማኪንቶሽ አወጣው። በዚያው ዓመት አልደስ የተባለ ኩባንያ ኮሳን ገዛ፤ በ1994 ደግሞ የዛሬው ባለቤት አዶቢ አልደስን ጠቀለለ። በዚያን ጊዜ አንድ ተራ ማኪንቶሽ 4 ወይም 8 ሜጋባይት ራም ነበረው። የዛሬ አንድ የኤችዲ ምስል ብቻውን ይሞላዋል። ሰዎች ግን በዚያ ላይ ሠሩበት፤ ዛሬም ሜኑ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ብልሃቶች ለጠባብ መሶብ የተበጁ ናቸው።

ከሁሉም የምወደው ከምስሉ ሥር ያለችውን የጥራት ምርጫ ነው። ፉል የሚለውን ሃፍ ሲያደርጉት ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ስለሚቀንስ ክብደቱ ሩብ ይሆናል። 3.1 ጊጋ የነበረው ከ800 ሜጋባይት በታች ይወርዳል፤ 15ቱም ሰከንድ መሶቡ ውስጥ ይገባል። የሚቀንሰው በሥራ ሰዓት የሚታየው ብቻ ነው፤ ለደንበኛው የሚወጣው ቪዲዮ በሙሉ ጥራቱ ይሠራል። ብዙ ጀማሪዎች ሥራው የሚበላሽ እየመሰላቸው ይህችን ምርጫ ይፈሯታል፤ እኔ ግን የአበባውን አፈነዳድ ለመፍረድ ሃፍ ይበቃል እላለሁ። የአርማው ጠርዝ ሲጣራ ብቻ ወደ ፉል መመለስ ነው።

ቀጥሎ ፎቶዎቹ። በስልክ የተነሣች አደይ አበባ ፋይሏ ሦስት ሜጋባይት ስለሆነች ቀላል ትመስላለች። ፋይሉ የታመቀ ነው፤ ሲከፈት 4000 በ3000 ፒክስል ተዘርግቶ 48 ሜጋባይት ይሆናል፤ ስድስት ሙሉ የኤችዲ ምስል ያህላል። ቪዲዮው ላይ ግን አበባዋ 400 ፒክስል ስፋት ብቻ ከያዘች አስቀድሞ በፎቶሾፕ 400 በ300 አድርጎ ማስገባት ክብደቷን ወደ መቶኛ ያወርደዋል። አሥር ዓይነት አበባ ሲሆን ልዩነቱን አስቡት።

አንዴ ያማረውን ደግሞ ደጋግሞ መጋገር የለም። የአበባው ሜዳ ካለቀ በኋላ ለብቻው ሬንደር አድርጎ፣ ማለትም አስልቶ ወደ ፋይል አውጥቶ፣ እንደ አንድ ቪዲዮ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ምጣዱ ላይ የሚወጣው ጽሑፉና አርማው ነው። በጽሑፍ በኩል ፊደላችን ያግዘናል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል፣ አናባቢውን ይዞ፣ በዩኒኮድ ራሱን የቻለ አንድ ቁጥር አለው፤ እንደ ዐረብኛ ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም። «እንኳን» የሚለውን ፊደል በፊደል ብናወጣው አራቱም ቅርጻቸው ሳይዛባ ተራ በተራ ይመጣሉ።

ክሮምን መዝጋት፣ ላፕቶፑን ከብርድ ልብስ ላይ አንሥቶ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማኖር፣ ብዙ ቁጥር ስትቀይር ካፕስ ሎክን ተጭኖ ምስሉ እንዳይታደስ ማድረግ፣ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ሲደመሩ ብዙ ናቸው። ሙቀት በተለይ ይታሰብበት፤ የጋለ ፕሮሰሰር እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከ2021 ጀምሮ የመጣው ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ የመሥራት ችሎታ ግን በ8 ጊጋ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ ብዙ ምጣድ ሰፊ መሶብ ይፈልጋል።

አዶቢ ራሱ ለአዳዲሶቹ ስሪቶች በትንሹ 16 ጊጋ ራም ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝና ላፕቶፑ ራም የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው፤ ቀጥሎ፣ ያለው ዲስክ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ። በሺህ የሚቆጠር ብናኝ የሚበተንበትን ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ከተማ የሚታይበትን ሥራ በዚህ ላፕቶፕ ተቀበይ አልላትም። የኬክ ቤቱን ግን ትቀበል።

የቀረው የመጨረሻው ሬንደር ነው፤ እሱ በሌሊት ይሠራ። በአንድ የቪዲዮ ፋይል ማውጣት አደጋ አለው፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት ከጠፋበት ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር አይከፈትም፣ የሌሊቱ ልፋት ሁሉ ይጠፋል። በምትኩ ምስሎቹን አንድ በአንድ በፒኤንጂ ታውጣ፤ 375 ፋይል ይሆናሉ። በሬንደር ቅንብሩ ላይ ያለውን የነበሩትን ፋይሎች ዝለል የሚለውንም ምርጫ አስቀድማ ታብራ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ሄዶ ሥራው 212ኛው ላይ ቢቆም፣ ጠዋት ያቺን በግማሽ የቀረች 212ኛ ፋይል አጥፍታ ድጋሚ ታስነሣዋለች፤ ፕሮግራሙ 211ዱን አልፎ ከዚያው ይቀጥላል። ሲያልቅ ምስሎቹን ከሙዚቃው ጋር አጣምራ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ኤምፒ4 ታወጣለች። ኬክ ቤቱ በቴሌግራም የሚደርሰው ፋይል 15 ሜጋባይት ገደማ ነው።