ለውሻዎ መርፌ ከማስወጋትዎ በፊት ደሙን ያስመርምሩ

ብዙ የውሻ ባለቤቶች ወደ እኔ ሲመጡ የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። «ምግብ እምቢ አለ፣ ተኝቶ ይውላል፣ እባክህ መርፌ ውጋልኝ» ይላሉ። እኔ ግን ከመርፌው በፊት ደሙን ማየት እፈልጋለሁ። ለምን?

ቡናማው የውሻ መዥገር ደም ሲመጥ ሁለት የተለያዩ በሽታ አምጪዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። አንደኛው ባቤዝያ ነው። ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እየተራባ ሕዋሱን ያፈነዳዋል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አልጄሪያ ውስጥ በውሾች ላይ የተገኘው ኤርሊኪያ፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው።

ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ድካም በሁለቱም ይታያሉ። የውሻዎን ከንፈር ገልጠው ድዱን ይመልከቱ። ነጣ ካለ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱም እንደ ቡና ከጠቆረ ባቤዝያን እጠረጥራለሁ። ነስር ወይም በሆዱ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካለ ኤርሊኪያን አስባለሁ። ይሁንና የአይጥ መርዝ የበላ ውሻም ሊደማ ስለሚችል በምልክት ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከጆሮው ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ወስጄ በመስታወት ላይ በስሱ እዘረጋለሁ። ሲደርቅ በጂምሳ ቀለም አቅልሜ በማይክሮስኮፕ 1,000 ጊዜ ያህል አጉልቼ አየዋለሁ። ትልቁ የባቤዝያ ዓይነት ብዙውን ጊዜ በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በውሃ ጠብታ ቅርጽ ይታያል። ኤርሊኪያ ግን እንደ እንጆሪ ፍሬ ተሰባስቦ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ጥርጣሬው ካለ የፕሌትሌት ቆጠራና የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እጨምራለሁ። የፀረ እንግዳ አካል መገኘት የቆየ ንክኪንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ውጤቱ ከሕመሙ ምልክት ጋር ተገናዝቦ መነበብ አለበት።

ይህ ሁሉ ልፋት መድኃኒቱ የተለያየ ስለሆነ ነው። ለኤርሊኪያ ዶክሲሳይክሊን አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀናት ይሰጣል። ለትልቁ ባቤዝያ የሚታዘዙት ግን እንደ ኢሚዶካርብና ዲሚናዚን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። ዲሚናዚን ለከብቶች የገንዲ በሽታ የምናውቀው መድኃኒት ነው፤ በውሻ ላይ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በመሆኑ፣ ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል። በግምት የተወጋ መርፌ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ በሽታው ሳይነካ ይቀራል፣ መድኃኒቱም ራሱ ሕመም ይሆናል።

ስለዚህ ውሻዎን ያምጡት፣ የተሰጠው መድኃኒት ካለም ይንገሩን። ቤት ውስጥ ደግሞ ጆሮውንና የጣቶቹን መሐል ዘወትር ይፈትሹ። መዥገር ካገኙ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው በቀስታ ይንቀሉ እንጂ በጣትዎ አያፍርጡ። ቡናማው መዥገር በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚራባ ውሻውን ብቻ ሳይሆን ማደሪያውንም ማጽዳት ያስፈልጋል።